የጥሩምባው ምልክት ይነሣልኝ

ለ፦ የገጠር መንገዶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ከ፦ ጡረታ የወጣ ጸጉር አስተካካይ፣ የታችኛው ሰፈር ነዋሪ
ቀን፦ መጋቢት 14

ጉዳዩ፦ በጫካው የብስክሌት መንገድ ኩርባዎች ላይ የተተከሉት «ጥሩምባ ይንፉ» የሚሉ ምልክቶች እንዲነሡልኝና ከባድ መኪኖችም ወደ ዋናው መንገድ እንዲመለሱልኝ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፦

በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ስጠና ይህ ሦስተኛ ማመልከቻዬ ነው። ከሁሉ በፊት የምለምንዎ፣ ይህኛው ከፊተኞቹ ጋር ተያይዞ ወደ መዝገብ ቤት ከመውረዱ በፊት እርስዎ ራስዎ እንዲያነቡት ነው። የፊተኞቹን ያነበባቸው ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ሊረዳኝ ብሎ ነው እዚህ ያደረሰኝ።

1. ልጄ ጆሮዋ አይሰማም። ገና ዳዴ ስትል በያዛት ትኩሳት ነው መስማት ያቆመችው፤ የሐኪም ማስረጃው ተያይዟል። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና ከኮረብታዎቹ ማዶ ባለው የችግኝ ጣቢያ ትሠራለች። «አንተ ስትቆርጥ ኖርክ፣ እኔ ስተክል እኖራለሁ» እያለች በሙያዬ ትቀልዳለች። ወደ ጣቢያው የሚሄድ አውቶቡስ የለም። ያለው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተነሥቶ፣ በጥዱ መካከል እየተጠማዘዘ ዳገቱን ወጥቶ፣ በወዲያ በኩል ቁልቁል የሚወርደው ጠባቡ የጫካ መንገድ ብቻ ነው።

2. ይህን መንገድ ጸጥተኛ ነው ብሎ የመረጠው ጽሕፈት ቤትዎ ነው። ብስክሌት የተሣለበትን አረንጓዴ ሰሌዳ በመግቢያው ላይ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ሰሌዳው የቆመ ዕለት ልጄ ሥቃ እንዲህ ብላ በእጇ ነገረችኝ፦ «አባዬ፣ ለእኔ እኮ ሁሉም መንገድ ጸጥተኛ ነው። ደግ መንገድ የምለው ከኋላዬ የሚመጣ የሌለበትን ነው።» ይህ መንገድ ደግ ነበር። በእረፍቷ ቀን እንኳ ሌላ ቦታ አትሄድም፤ እዚያው ዳገት ላይ ወጥታ ፊቷ በርቶ ትመለሳለች። ሰው መሀል ስትሆን ግን የሁሉንም አፍ ስትከተል ውላ ደክሟት ነው የምትገባው።

3. እንዴት እንጓዝ እንደነበር ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ያለዚያ ጥያቄዬ አይገባም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን በመስታወት እያየሁ ያነጋገርኩ ሰው ነኝ። ልጄም ያደገችው በጸጉር ቤቴ ጥግ ወንበር ላይ ነው። እኔ ደንበኛዬን እየቆረጥኩ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዐይን ለዐይን እየተገጣጠምን፣ በቅንድብና በአገጭ ስናወራ እንውላለን። ብስክሌት መንዳት ስትጀምር ታዲያ መሪዋ ላይ ከኋላዋ ያለውን የምታይበት ስፖኪዮ ገጠምኩላትና በአሮጌው ብስክሌቴ ከኋላዋ መከተል ያዝኩ። ጠዋት አደርሳታለሁ፣ አመሻሽ ላይ እመልሳታለሁ። መኪና የሚያልፈው አንዳንዴ ቢሆንም፣ እጄን ካነሣሁ ትንሽ መኪና እየመጣ ነው። ባርኔጣዬን ካወለቅሁ ከባድ መኪና ነውና ዳር ይዛ ትቆማለች። ከፊት ለፊት የሚመጡ ብስክሌተኞች ሰላምታ የሰጠኋቸው እየመሰላቸው እነሱም እጅ ይነሡኝ ነበር። በዚያ መንገድ «ጨዋው ሽማግሌ» የሚል ስም አትርፌያለሁ፤ ዳገቱ ግን ለጨዋነት የሚሆን ትንፋሽ አይተውልኝም ነበር።

4. የዋናው መንገድ ድልድይ በተሰነጠቀ ጊዜ ግንድ የጫኑ መኪኖች «ለጊዜው» ተብሎ በጫካው መንገድ እንዲያልፉ ተፈቀደላቸው። ድልድዩ ተጠግኖ ሰነባብቷል። መኪኖቹ ግን የጫካው መንገድ አቋራጭ ሆነላቸውና አልተመለሱም። በዚያው ሰሞን እኔ ልቤን ታመምኩ። ሐኪሙ ዳገት ከለከለኝ፤ «ከፈለጉ ሜዳ ሜዳውን ይንዱ» አለኝ። ልጄ በምትሄድበት መንገድ ላይ ሜዳ የሚባል ነገር የለም።

5. በመጀመሪያው ማመልከቻዬ መኪኖቹ እንዲመለሱ ጠየቅሁ። አረንጓዴው ሰሌዳ ምክር እንጂ ክልከላ አይደለም የሚል መልስ ተሰጠኝ። በሁለተኛው ላይ ዝቅ ብዬ፣ «ልጄ ከኋላዋ የሚመጣውን መኪና ስለማትሰማ ሹፌሮች እንዲጠነቀቁ ምልክት ይተከልልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ሳይውል ሳያድር ተፈጸመልኝ። በየኩርባው ምልክት ቆመ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ የጎረቤት መኪና ለምኜ ላየው ሄድኩ። «ጥሩምባ ይንፉ» ይላል።

ተሳስተው ይሆናል ብዬ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ሠራተኛው ወረቀቴን አውጥቶ በጣቱ እያሳየኝ፣ «አባት፣ አትሰማም ብለው አይደል የጻፉት? እንድትሰማ ጮክ አድርገው እንዲነፉላት አዘዝናቸዋ» አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ አልቀለደብኝም። እንዲያውም ምስጋና እየጠበቀ ነበር፤ እኔም አመስግኜው ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሣቀች። «ደንቆሮ የሰማ ለት ያብዳል ይባል የለ? ቢሮህም በስንት ጊዜው ሰማ» አለችኝ። እናቷ አልሣቀችም።

6. ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀድሞ ሹፌሮች ኩርባው ሲደርሱ ማዶው ስለማይታያቸው ፈርተው ፍሬን ይይዙ ነበር። አሁን ጥሩምባውን ይነፉና እግራቸውን ሳያነሡ ይታጠፋሉ። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሻይ የሚጠጣ አንድ ሹፌር አግኝቼ ለመንኩት። «ፋዘር፣ ክላክስ አድርጌያለሁ እኮ፤ ከዚያ በኋላ ዳር መያዝ ያለባት እሷ ናት» አለኝ። እንደማትሰማ ስነግረው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔስ ከዛሬ ጀምሮ አወቅኳት። ሌሎቹ ግን ሰው ከጀርባው ሲታይ መስማት አለመስማቱን በምን ይለያሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ የጃኬቷ እጅጌ ተቀዶ ገባች። ቅርንጫፍ ያዘኝ አለችኝ። ጃኬቱን አንሥቼ ሳየው የተቀደደው ቦታ የመኪና ግራሶ አለበት፤ ቅርንጫፍ ደግሞ ግራሶ አይቀባም። ውሸቷን እንዳወቅሁባት ታውቃለች፤ ሁለታችንም አላነሣነውም። ስፖኪዮውን ግን በዚያው ዕለት ፈትታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለምን ስላት፣ «አንተ የሌለህበትን መስታወት እያየሁ ዳገቱን መውጣት አቃተኝ» አለችኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው በእኔ ደርሷል። ቅሪ ብላት ሥራዋም፣ ደስ የሚላት ብቸኛ ቦታም አብረው ይቀራሉ። እናቷን አማክሬያት፣ «ጆሮ ባይኖራት ሰው አድርገን አሳደግናት፤ አሁን እግሯን ልንቀማት ነው?» አለችኝ። ሂጂ ብላት ደግሞ ጠዋት ከበር ከወጣችበት ጊዜ አንሥቶ በስልኬ «ደረስኩ» የምትል ቃል እስክትመጣ ድረስ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እቀራለሁ። ሻይዬ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ ምሳ ልሥራ ወይ ስትለኝ አልሰማትም። እፈራለሁ፣ ሌላ የምሠራው ነገር የለኝም።

7. ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ፦

ሀ) «ጥሩምባ ይንፉ» የሚሉትን ምልክቶች አንሥቶ «ፍጥነት ይቀንሱ፤ ከፊትዎ ያለው ሰው ላይሰማዎት ይችላል» የሚል እንዲተክልልኝ፤

ለ) ድልድዩ ተጠግኗልና ከባድ መኪኖችን ወደ ዋናው መንገድ እንዲመልስልኝ፤

ሐ) ይህ እስኪወሰን ድረስ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ እንኳ እንዳያልፉ እንዲያደርግልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከሦስቱ አንዱም ቢሆን ይበቃኛል። የትኛው እንደሚቀል ለእርስዎ እተዋለሁ።

8. በመጨረሻም ይህን ማመልከቻ ከመጻፌ በፊት ሠራተኛዎን ምን እንደሚጎድለኝ ጠይቄው ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና መዝገቤን አገላብጦ፣ «አባት፣ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። ግን መንገድ ለከባድ መኪና የሚዘጋው የተመዘገበ አደጋ ሲኖር ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ እስካሁን አንድም የለም። የአደጋው ማስረጃ ሲመጣ በዚያው ቀን ይፈጸምልዎታል» ብሎ አጽናናኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ የሐኪሙን ወረቀት አምጣ ስባል አምጥቻለሁ፤ ፎቶግራፍ ሲሉኝ አምጥቻለሁ፤ ምስክርም ሲሉኝ አምጥቻለሁ። ይህን አንዱን ማስረጃ ግን ይዤ እንድመጣ እባክዎ አይጠብቁኝ።

ከአንድ አባት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጡረተኛው ጸጉር አስተካካይ