ሁለተኛው ቅል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23

ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ሴቶች እያዩኝ! ሰሌዳው ላይ «መ» ብዬ ጽፌ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ልቤ፣ ከዚያ እንባዬ።

ከአዲስ አበባ የአእምሮ ሆስፒታል ከተመለስኩ ወዲህ ወደ መሠረተ ትምህርት ክፍሌ ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነበር። ድኛለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። አሁን መግቢያ አጣሁ።

ከሰዓት የቀበሌው ሊቀ መንበር እኛ ቤት ድረስ መጣ። «ጓዲት፣ ቅዳሜ ካልቻልሽ ሌላ አስተማሪ እንመድባለን» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ያ ክፍል ከሄደ ምን ይቀረኛል? አልጋዬ ብቻ።

ለማንም ያልነገርኩት፦ ኪኒኑን ካቆምኩ ስድስት ቀኔ ነው። ጤነኛ ነኝ ብዬ። ጅል!

ረቡዕ፣ 24

አልተነሳሁም። አባዬ የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊ፣ ስለሆነ ግንባሬን ዳሶ ትኩሳት ፈለገ፣ አጣ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ እትዬ አሪየት መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ከተማሪዎቼም በዕድሜ ትልቋ። አኙዋክ ናቸው፣ አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ ዓሣ ሲሸጡ ነው። ደጃፌ ላይ ተቀምጠው የትምባሆ ጋያቸውን አጨሱ። የጋያው ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። «ምን ሆንሽ?» ያላለኝ የመጀመሪያው ሰው! ሲነሱ ብቻ፣ «ነገ ባሮ። በቆሎ እንተክላለን። አንቺ ነይ፣ ዝም ብለሽ ነይ» አሉኝ።

ሐሙስ፣ 25

ሄድኩ። የባሮ ወንዝ ሞልቶ ሲሸሽ ዳር ዳሩን ጥቁር ጭቃ ይተዋል፤ የሚዘሩት እዚያ ላይ ነው። በሬ የለ፣ ማረሻ የለ። እሳቸው በሹል እንጨት መሬቱን ይወጋሉ፣ እኔ ፍሬ እጥላለሁ፣ በእግሬ እደፍናለሁ።

ሦስት መስመር ጨረስኩ። ሁለቴ አለቀስኩ። አንዴ ሳቅኩ፣ ጭቃው ጫማዬን ሲውጠው።

ዘር የያዙ ሁለት ቅሎች አምጥተው የከፈቱት አንዱን ነው። ሁለተኛውን ልከፍት ስል እጄን መቱኝ። «እሱ ዛሬ አይደለም።»

ዓርብ፣ 26

ውሃው ተመልሶ መጣ። ደጋው ላይ ዘንቦ ይሆናል። ሦስቱም መስመሮቼ የሉም።

እኔ ልጮህ ደረስኩ። እሳቸው ቁጭ ብለው ጋያቸውን ለኮሱ። አይናደዱም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በጣም ተናደድኩ» አሉ። «ይሄ ወንዝ ሌባ ነው።»

ከዚያ ሁለተኛውን ቅል ጭናቸው ላይ አድርገው አስረዱኝ። ዘር ሲለዩ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ነው የሚከፍሉት፤ አንዱ ለመትከል፣ አንዱ ወንዙ ሲመለስ። ቤት ውስጥ ረሃብ ቢገባ እንኳ ሁለተኛው አይፈጭም። እናታቸውም እንዲሁ ነበሩ። ውሃው ሲሸሽ እንደገና ይወጋሉ፣ አለቀ።

እንዴት ያሉ ሴት ናቸው! ሌባውን ያውቁታል፣ ይሰድቡታል፣ ደግሞ ይጠብቁታል። እኔ ግን አንድ ጥሩ ሳምንት አየሁና በሽታው ዳግመኛ የማይመጣብኝ መሰለኝ።

ማታ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት፣ የኪኒኑንም። ይቆጣል ብዬ ነበር። ተነስቶ ሄዶ ከጤና ጣቢያው ሐኪም ጋር ተማክሮ ተመለሰ፤ ውሃ ቀድቶ፣ «ከእንግዲህ በእኔ እጅ ነው የምትውጪው» አለኝ። እስክውጥ ድረስ አጠገቤ ቆመ።

ቅዳሜ፣ 27

ቆምኩ። «መ»፣ «ሙ»፣ «ሚ» ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ እጄ ጀመረኝ። ጠመኔው አምልጦኝ ሲሚንቶው ላይ ዱቄት ሆነ። ሌላ አልነበረም። እውነቱን ልጻፍ፦ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር፣ ደስም ብሎኛል። ጠመኔ ከሌለ ማን ይወቅሰኛል?

እትዬ አሪየት ከኋላ ተነስተው መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ውስጡ ጠመኔ! ማክሰኞ ጥዬው የሮጥኩት፣ ያው ጫፉ የተሸረፈው።

«አስተማሪ፣ እኔ አነሳሁት» አሉ። መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እያለቀስኩ ጻፍኩ። ፊደሎቹ ተንጋደዋል። ግን «ሞ» ድረስ አሥራ ሁለቱም ከኋላዬ እየጮኹ አነበቡት፤ ሊቀ መንበሩ በመስኮት አይቶ አለፈ።

ማክሰኞ እጄ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ግን ባሮ እንወርዳለን፣ ውሃው እየሸሸ ነው። ሁለተኛውን ቅል የምይዘው እኔ ነኝ።