ያኮረፈ ወይን

ኦክቶበር 7፣ ሰኞ። ጠዋት።

ዛሬም ያው። ሻይ አፈላሁ፣ ጠጣ። ሸሚዝ ተኮስኩ፣ ለበሰ። ቃል የለም። በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ቢያላትመው እንኳ ተናገረኝ እል ነበር። ደብተሬ፣ ባሌ ኃይሉ ካኮረፈኝ ወር ሊሞላው ነው። ከእንግዲህ ኃ. ብቻ ብዬ እጽፈዋለሁ። ሙሉ ስሙን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሏል።

ልጃችን ቤቲ መሀል ናት። ለአባትሽ እራት ቀርቧል በይው እላታለሁ። እሱም ለእናትሽ የመብራት ቢል መጥቷል በያት ይላል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን። ዛሬ ቁርስ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና በእንግሊዝኛ፣ ሁለታችሁም እኮ እዚሁ ናችሁ አለችን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አፈርኩ። እሱ ጋዜጣውን ገለጠ።

ዝናብ። አውቶቡስ አመለጠኝ።

ኦክቶበር 10፣ ሐሙስ።

ምክንያቱን እስካሁን አልጻፍኩልሽም። ሳስበው ያስቀኛል፣ ወዲያው ደግሞ ያንገበግበኛል። ጠርሙስ ነው ነገሩ።

የምሠራበት የፈረንሳይ ምግብ ቤት የድሮ ባለቤት፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ለሠርጋችን አንድ ሣጥን ነጭ ወይን ሰጡን። ከአገራቸው፣ ከሎዋር ወንዝ ዳር የመጣ። ስኳር የሌለው፣ ደረቅ የሚባለው። ኃ. ደረቅ ሲባል ሰምቶ፣ ወይኑን ነው እኔን ነው ብሎ ጠየቀ። ያኔ ይቀልድ ነበር።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ወንበር በሌለው አፓርታማችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ጠጣን። ገርጣ ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። ያልበሰለ ፖም፣ ሎሚ፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ። ጥርስ ያጠርሳል። ኃ. ስፕራይት ቀላቀለበት። ሙሴ ቢያዩ እዚያው ይወድቁ ነበር። በሳቅ ሞትን።

ሙሴ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ይህ ወይን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ይጫወታል። ከዚያ ይዘጋል። ሽታውን ይደብቃል፣ ብትቀምሱት ውሃ ነው፣ አትንኩት። ብዙ ዓመት ቆይቶ ራሱ ይከፈታል፣ ያኔ ግን ሌላ ወይን ነው። ለኃ. ስተረጉምለት፣ ያኮርፋል ማለት ነው አልኩት። ሳቁ አላቆም አለው። የቤታችን ቀልድ ሆነ። እሱ ሲያኮርፈኝ ወይኑ ተዘጋ እላለሁ፣ ይስቃል፣ ያልፋል።

መቼ መሳቅ እንደተወ አላስታውስም።

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ።

የቀረውን ልጨርስልሽ። ይህን ቤት ስንገዛ ኃ. አስቀድሞ ያመጣው ዕቃ አልጋ አይደለም፣ ቡፌ ነው። መስታወት በር፣ ውስጡ አምፖል፣ ቁልፍ። ውስኪው፣ ኮኛኩ፣ ማንም የማይጠጣባቸው የሠርግ ብርጭቆዎች። ከወይኑም ሁለት ጠርሙስ ወስዶ አቆመበት። ከቡፌው ሥር የማሞቂያው ቀዳዳ አለ። ብርዱን ሙሉ ሙቅ አየር ሲነፍስበት ይከርማል። የቀሩትን ሦስቱን እኔ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ ጨለማው ውስጥ አጋደምኳቸው። ስንቴ ነገርኩት። ወይን ሲቆም ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ይገባል፣ ሙቀትና ብርሃን ይገድለዋል። ምድር ቤት ከገባ እንግዳ ምን ያያል ታዲያ ይለኛል።

በእንቁጣጣሽ ምሳ እንግዳ ጠራን። ከምሳ በኋላ ኃ. አንዱን ጠርሙስ ከቡፌው አውጥቶ ከፍ አደረገና፣ ይሄ እኮ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል፣ ወይን ሲያረጅ ነው አለ። እኔ በሳቁ መሀል፣ እሱስ ሞቷል፣ ኮምጣጤ ሆኗል፣ ከታች ላምጣላችሁ አልኩ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። ኃ. አልሳቀም። ጠርሙሱን ሳይከፍተው መልሶ ቆለፈበት። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ያ ነው።

ሰው ፊት ባልሽን አዋረድሽው ይሉኛል። እሺ። ግን እውነት ተናግሬ ይሁን አይሁን እንኳ የሚያውቅ የለም። ጠርሙሱ አልተከፈተም። ባልተከፈተ ጠርሙስ ነው የተፈረደብኝ።

ኦክቶበር 15፣ ማክሰኞ። ከሥራ መልስ።

ዛሬ አንድ ደንበኛ ጠርሙስ መለሰ። የኛው ወይን ዘመድ፣ ከዚያው ወንዝ፣ ቆየት ያለ። ነጭ ነው ያዘዝኩት፣ ይሄ ቢጫ ነው አለ። ሌላ ከፈትኩለት። የመለሰውን ወጥ ቤት ወስጄ ቀመስኩ።

እንዴት ልንገርሽ። መልኩ ወርቅ። ሲያሸቱት ሰም፣ ማር፣ የተቆላ ለውዝ። ጠጅ ቤት የገባሁ መሰለኝ። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጣፋጭ የለም፣ ድርቅ ያለ ነው። አፍንጫዬ ማር ሲጠብቅ ምላሴ ያን የጥንቱን ሎሚና ድንጋይ አገኘ። ፖሙ በስሏል እንጂ አልጠፋም። የሙሴ ነገር እውነት ነው፣ ይከፈታል ለካ።

አውቶቡስ ውስጥ ደስ ብሎኝ መጣሁ። ኃ.ም ይከፈታል ብዬ። ይህን ስጽፍ ራሴን እታዘባለሁ።

ቤት ስገባ ቲቪ። ጀርባው።

ኦክቶበር 19፣ ቅዳሜ።

ለተብርሃን ጋ ዋልኩ። አብረን ነው የምንሠራው። አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ስካይዌይ ሰፈር ቤት ያላት፣ ባሏን ፈትታ የወፈረች። ምን ትጠብቂያለሽ አለችኝ። የወይኑን ነገር ነገርኳት። መጀመሪያ ይጫወታል፣ ከዚያ ያኮርፋል፣ ከዚያ ይከፈታል። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፣

«ሶ ወይኑ ሲያኮርፍ ሸሚዝ ተኩሺልኝ ይላል?»

የታችኛው ክፍል ባዶ ነው፣ ሁለት አልጋ ይገባዋል፣ የቤቲ ት/ቤት አውቶቡስ እዚህም ይመጣል አለች። ተቆጣኋት። ትዳሬን እንዲህ በቀላሉ ስትጥልብኝ ከፋኝ። ስወጣ ግን ክፍሉን አየሁት። ለማየት ብቻ ነው።

ኦክቶበር 23፣ ረቡዕ።

ጋሽ ፋንታሁን ከሬድመንድ ኮል አደረጉ። ያጋቡን እሳቸው ናቸው። እሑድ ከባለቤታቸው ከእትዬ ሙሉ ጋር ለእርቅ ይመጣሉ። ስልኩን እትዬ ሙሉ ተቀበሏቸው። እሱ ትንሽ ጊዜ ነው የሚፈልገው ልጄ፣ ይቅርታ በይው፣ ምን ይቀርብሻል አሉኝ። እሺ አልኩ።

ምን ይቀርብሻል። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

ኦክቶበር 27፣ እሑድ። ሸኝቻቸው ስመለስ።

ተንበርክኬ የጋሽ ፋንታሁንን ጉልበት ስሜ፣ ይቅርታ አልኩ። ሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም አልኩ። ወይኑ ደህና ነው አላልኩም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ኃ. ራሱን ነቀነቀ። ተሳሳምን። ጉንጩ ጉንጬን ነካ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ። ኃ. ተነሣ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ቡፌውን ከፈተ። ያንኑ ጠርሙስ። እርቁን በዚህ እናርግ አለ። ቡሹ እጁ ላይ ፍርፋሪ ሆነ፣ ግማሹ ውስጥ ገባ። ሲቀዳ የሻይ መልክ። ሽታው ከተቀመጥኩበት ድረስ መጣ። መኪና ውስጥ ተረስቶ የጠቆረ ፖም፣ ከሥሩ ኮምጣጤ። ማሩ የለም፣ ሎሚው የለም። ልክ ነበርኩ ደብተሬ። አንድ ሰከንድ እንኳ ደስ አላለኝም።

ጋሽ ፋንታሁን አንድ ጉንጭ ጠጡ። ዓይናቸው ተጨፈነ። ቆይተው ዋጡት።

«ግሩም ነው። እንዲህ ያለ ጠጥቼ አላውቅም።»

ይሉኝታ እንዲህ ዓይነት ሰው ያደርጋል፣ ሳይዋሽ ይዋሻል። እትዬ ሙሉ ዕድሜ የጠገበ መሆኑ ያስታውቃል አሉና ብርጭቆውን ከእንጀራው ጀርባ ሸሸጉት። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ኃ. ይጠብቃል። እርቁ ለካ ገና አላለቀም፣ ይህችን ነው የሚጠብቀው።

ጠጣሁ። ጥሩ ነው አልኩ።

ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያየ አናገረኝ።

«ነግሬሽ አልነበር?»

ጋሽ ፋንታሁን መረቁን። ቤታችሁን ይባርክ። አሜን አልኩ። አፌ ውስጥ ኮምጣጤ።

ኦክቶበር 28፣ ሰኞ።

ይናገራል አሁን። ከጠዋት ጀምሮ ይናገራል። ጣሪያው ያፈሳል፣ መኪናዋ ዘይት ትፈልጋለች፣ ሽንኩርት በዝቷል። ስጠብቀው የከረምኩት ይሄንን ነበር? ቤቲ ከሁሉም ይልቅ ደስ ብሏታል፣ የመልእክተኝነት ሥራዋን ለቀቀች።

ዕረፍቴ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ወረድኩ። ካጋደምኳቸው አንዱን አወጣሁ፣ አቧራውን ጠረግሁ። ቡሹ እርጥብ፣ ደህና። ቀዳሁ።

ወርቅ። ሰም፣ ማር፣ የደረቀ አበባ፣ ለውዝ። ከዚያ ያ ድርቀት፣ ያ ያልበሰለ ፖም ከሩቅ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን የጠጣነው ራሱ ነው፣ ስፕራይቱ ብቻ የለም። አለቀስኩ። ይሄ ሁሉ ዓመት ማንም ሳያየው እዚያ ጨለማ ውስጥ ደህና ሆኖ ኖረ።

ኃ. ከኤርፖርት ሥራው ሲመለስ ሁለት ብርጭቆ አቅርቤ ጠበቅሁት። አንዱ የትናንቱ፣ ትራፊውን መልሶ ቡፌ ውስጥ አስቀምጦት ነበር፣ አልቆለፈበትም። አንዱ የዛሬው። ቅመስልኝ አልኩት። ላሸንፈው አይደለም፣ እግዜር ያውቃል። አንድ ጊዜ፣ ማንም በሌለበት፣ የቀመሰውን እንዲነግረኝ ፈልጌ ነው።

የትናንቱን ቀመሰ። የዛሬውን ቀመሰ። ብርጭቆውን መልሶ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ረጅም ጊዜ አሸተተ። ፊቱ ሲለወጥ በዓይኔ አየሁ። የዚያን ዘመን ፊቱ መጣ፣ የምንጣፉ ዘመን።

ብርጭቆውን አስቀመጠና፣

«ያው ነው» አለ።

ቲቪ ከፈተ።

ባያውቀው ይቅር እለው ነበር። አውቆታል።

ኦክቶበር 30፣ ረቡዕ።

ጊዜ ስጪው፣ ጊዜ ስጪው። ሁሉም ይሄን ነው የሚለኝ፣ እኔም ለራሴ ይሄን ስል ኖሬያለሁ። ጊዜ ብቻውን ምን ያደርጋል? አንድ ሣጥን፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ወይን። አንዱ ተከፈተ፣ አንዱ ኮመጠጠ። ጊዜው ለሁለቱም እኩል ነው የተሰጣቸው። ኃ. እኛንም ቡፌ ውስጥ አቁሞ ነው ያኖረን፣ ለሚመጣ ለሚሄድ እንድንታይ። እትዬ ሙሉ ምን ይቀርብሻል ብለውኝ ነበር። ምላሴ ቀረብኝ እትዬ። የቀመስኩትን ቀመስኩ ማለት ቀረብኝ።

ኖቬምበር 1፣ ዓርብ። ጠዋት።

ለተብርሃን ጋ ኮል አደረግሁ። ክፍሉ አሁንም ባዶ ነው። ሌላ ብዙ አላወራንም፣ ቁልፉን ምንጣፍ ሥር ታስቀምጥልኛለች።

ለኃ. በራሴ አፍ ነገርኩት፣ ቁርስ ላይ፣ በቤቲ በኩል ሳይሆን። እሄዳለሁ፣ ልጄን ይዤ፣ እሑድ መጥተህ ትወስዳታለህ አልኩት። ሰማኝ። ሻዩን ጨረሰ። አኮረፈ። የዛሬውን እንኳ ማኩረፍ ይገባዋል፣ ሸሚዝ የሚተኩስለት ግን የለም።

ቤቲ ልብሷን እያጣጠፈች በእንግሊዝኛ፣ እዚያ መልእክት የሚያደርሰው ማነው አለችኝ። ማንም አልኳት። አሰበችበትና አሻንጉሊቷን ጨመረች።

ከምድር ቤቱ የቀሩትን ሁለቱን በፎጣ ጠቅልዬ መኪናው ወንበር ላይ አጋድሜያቸዋለሁ። ቡፌው ውስጥ የቀረውን አልነካሁትም። ለእንግዳ ይሁን።