ለአንቺ ያልደረሰው ምስጋና

ይድረስ ለእታለም ፍቅርአዲስ፤ ቤይሩት።

እታለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽው ጉልበትሽስ ተሻለው? የምታስታምሚያቸው አሮጊት እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር ወይስ አሁንም ሌሊቱን ሙሉ ያቆሙሻል? የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ብርታቱን ይስጥሽ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ቤቱ ሁሉ ጆሮ ነው። ስለዚህ የጋሸናዋ ሰአዳ እረፍቷን ጨርሳ ወደ ቤይሩት ስትመለስ በእጇ እንድታደርስልሽ ጻፍኩት።

በስፔን የሩጫ ውድድር አንደኛ መውጣቴን ሰምተሻል። ከዚያ በኋላ አሰልጣኜ እግርሽ ይረፍ ብሎ ለገና ለቀቀኝ። ተኝቼ የምከርም መስሎኝ መጣሁ፤ ግን አገሩ በእንግዳ ተሞልቶ ማን ያስተኛል? እምዬ ገና ከመግባቴ ጀሪካን አስያዘችኝ። እስከ በዓሉ ድረስ ውሃ ስቀዳ፣ ደጃችን ያረፉትን ምእመናን እግር ሳጥብ ሰነበትኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያደረግኩት። ዓመቱን ሙሉ ሰው ለእኔ እግር ሲጨነቅ፣ ሲያሽልኝ፣ በረዶ ሲይዝልኝ ይኖራል፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሰው ተረከዝ ይዤ መቀመጤ ልቤን አሳረፈው። አንድ ቀን ከኮን የመጡ እናት አጥቤያቸው መርቀውኝ ሲያበቁ፣ እምዬን ስንት ሴት ልጅ እንዳላት ጠየቋት። እምዬ አባባ ወደ ተቀመጡበት አየት አደረገችና "ይቺው አንዷ ናት" አለች።

እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። አንቺ የታጨሽለትን ሰው ትተሽ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽ በአባባ ፊት እንደማይነሳ አውቃለሁ። እስከ መካድ መድረሱን ግን አላወቅኩም ነበር። በዓል ነው ብዬ ዋጥኩት።

በገና ማግስት በሰበካው አዳራሽ የምስጋና ዝግጅት ተደረገልኝ። ካባ አለበሱኝ። ነጋዴው አራጋው ተመሰገነ፤ ምን እንዳደረገልኝ እስካሁን አልገባኝም። መልካቸውን እንኳ የማላውቅ ሰዎች ተራ በተራ ተመሰገኑ። በመጨረሻ አባባ ተነሱ። መሪጌታ አይደሉ፣ ንግግር ያውቃሉ። መርቄ ለሩጫ የሰደድኳት እኔ ነኝ አሉ። እታለም፣ የደብር ልጅ ሱሪ ለብሳ አትሮጥም ብለው በር የዘጉብን ማን ሆነው ነው? አንቺ በሩን ከፍተሽ አሸተን ዳገት ይዘሽኝ ስትወጪ፣ ስንመለስ ዱላውን ለብቻሽ የተቀበልሽውስ ለማን ብለሽ ነበር? ይህንንም ቻልኩት። ቀጥለው ግን ከሴት ልጆቼ ያላሳፈረችኝ እሷ ብቻ ናት አሉ፤ ሰውም አጨበጨበ።

ብድግ አልኩ። "አባባ፣ እኔን ሩጫ ያስተማረችኝ እርስዎ የማይጠሯት ልጅዎ ናት" አልኳቸው። "አሸተን ላይ አንድ ቀን ቀድሜያት አላውቅም። ሰው ቤት ወለል እየወለወለች ጫማ የገዛችልኝ፣ አዲስ አበባ ስታመም ያሳከመችኝ እሷ ናት። ለእሷ ምስጋና ከሌለ የእኔም ይቅር።" ካባውን አውልቄ ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። አራጋው አዲስ አበባ አበላሻት ሲል ከኋላዬ ሰማሁት። እምዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ታልቅስ ትሳቅ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት የአሰልጣኜን ትእዛዝ ጥሼ አሸተንን በሩጫ ወጣሁት። ንዴት ዳገት ያስወጣል፣ ሜዳ ላይ ግን ይጥላል ይለኛል እሱ። እውነቱን ነው፤ ስመለስ አቅም አጥቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ወጥተው አጠገቤ ቆሙና በሰው ፊት አዋረድሽኝ አሉ። እርስዎም በሰው ፊት ካዷት አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም። መቋሚያቸውን ተደገፉ። ከዚያ "አሁን ምን ብዬ ልጥራት?" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቴን ይበሉት ነበር። እኔ ግን "በስሟ" ብያቸው ገባሁ። አሁንም አልበረደልኝም፤ ይብረድልኝም አልልም።

እምዬ አገላብጣ ስማሻለች፤ ቆሎውንና ሽሮውንም ለሰአዳ የሰጠቻት እሷ ናት። ወንድማችን ምስጋኑና ሚስቱ እየሩስ በናፍቆት ሰላም ብለውሻል። አይተሽው የማታውቂው ልጃቸው ከፋለ ግድግዳ ይዞ መሄድ ጀምሯል። የብልባላ ዘመዶቻችን ሁሉ እንዴት ናት ይላሉ። የአባባን ሰላምታ ግን አልጽፍልሽም። ስልክ ቁጥርሽን ከምስጋኑ ተቀብለዋል፤ ይህን እስከምጽፍ አልደወሉም። ከደወሉ ደግሞ፣ እታለሜ፣ እንደ ልማድሽ ቶሎ ብለሽ "ግድ የለም አባባ" እንዳትያቸው። ይቅርታ ይጠይቁሽ። እስኪጨርሱ ዝም ብለሽ ስሚያቸው።

እህትሽ ጽጌማርያም
ላሊበላ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.