ልጄ ቀሪ አይደለችም

ሰኔ 8 ቀን 2012 ዓ.ም.
አባሲያ፣ ኩዌት

የቤት ውስጥ ለይቶ ማቆያን በስልክ ለሚቆጣጠረው ክፍል የተከበሩ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመው ሊረዱልኝ የሚገባው ልጄ ትንሣኤ ከቤት አለመውጣቷን ነው። ይህን የምጽፈው ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ዘንድሮ ይህ ቃል ለወግ ያህል የሚባል እንዳልሆነ ያውቁታል። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። አፕሊኬሽናችሁ እኔ በማልችላቸው ቋንቋዎች ሲያናግረኝ ስለሰነበተ፣ እኔም እርሱ በማይችለው ብመልስ እኩል እንሆናለን ብዬ ነው። የቢሯችሁ በር የት እንደሆነ ስለማላውቅም ደብዳቤውን ለሁሉም ግልጽ አድርጌዋለሁ፤ የሚዞረውም በዚያው በምፈራው ስልክ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ፊንጣስ በአንድ የውበት ሳሎን የምትሠራውን ልጄን ለሁለት ወር ልጠይቅ በጥር መጣሁ፤ አውሮፕላን ሲቆም እዚሁ ቀረሁ። ኮሮና ከተገኘባት ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ስልክን ስነቅፍ፣ ከተማሪ እጅ ስነጥቅ የኖርኩ ሰው መሆኔን አልክድም። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ አራት ጠዋቶች በዚሁ አፕሊኬሽን ሐኪም እየደወለ፣ የደረቷን ከፍ ዝቅ እያየሁ ትንፋሿን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ እንድቆጥር በቪዲዮ አስተማረኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ከመስቀሌ ጎን፣ ትራስጌዋ አድርጌዋለሁ። ባትሪው ሲቀንስ ልቤ አብሮ ይቀንሳል።

አንደኛ፤ አፕሊኬሽናችሁ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየጮኸ ፊቷን አሳዩኝ ይላል። እኔም በየጠዋቱ ስም ስጠራ የኖርኩ ነኝና ትጋቱን አከብራለሁ። ሐሙስ ዕለት ግን ሦስት ጊዜ ብናሳየው ሦስቱንም ጊዜ ይህች እርሷ አይደለችም አለ። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን አልደብቅም። ራስ ምታቱ ሲጸናባት ግንባሯን በሻሽ አጥብቄ አስሬላት ነበር፤ ከጸበል ቦታ በወረቀት ቋጥሬ ያመጣሁትን እምነት፣ ያንን የተባረከ አፈር፣ ግንባሯንና ጉንጮቿን ቀብቻት ነበር። እዚህ በጣቃ በሚሉት መታወቂያዋ ላይ ያለችው ትንሣኤ ደግሞ ፀጉሯ የተተኮሰ፣ ከንፈሯ የተቀባ ናት። የእናት እጅ ፊትን ይህን ያህል እንደሚለውጥ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ቤቱን የምትጋራንና ዐረብኛውን የምታነብልን የወሎዋ ነፊሳ መልእክቱን አይታ «እማማ፣ የቀቧት ነገር ምንድን ነው፤ ጭራሽ ሰወራት እኮ» አለችኝ። ሳቅን። ትንሣኤም ልትስቅ ሞክራ ሳሉ አላስጨረሳትም።

ሁለተኛ፤ በማግስቱ ልጄ ከለይቶ ማቆያ ጠፍታለች የሚል መልእክት ደረሰን። አለመጥፋቷንም ለማስረዳት በሦስት ቀን ውስጥ ራሷ ቢሯችሁ እንድትቀርብ ታዘዘች፤ ቀኑ ዛሬ ያበቃል። አባሲያ ዙሪያዋን በኬላ ታጥራለች፤ ልጄም ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት የምትደርሰው በሁለት ሰው ተደግፋ ነው። ከቤት አለመውጣቷን ለማረጋገጥ ከቤት እንድትወጣ ያሰበውን አእምሮ አደንቃለሁ። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለፈተና ባወጣ ኖሮ ርእሰ መምህሩ ይሰርዘው ነበር።

ሦስተኛውን ያለ ቀልድ እጽፈዋለሁ፤ ፈርቻለሁና። ጠፍታለች ከተባለች ወዲህ ሐኪሙ መደወል አቁሟል። አፕሊኬሽኑ ላይ ሐኪም የሚጠራበት ምልክት ደብዝዟል፤ ቢነኩት አገልግሎቱ ቤታቸው ላሉ ሕሙማን ነው ይላል። ነፊሳ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ደውላ የመታወቂያውን ቁጥር ስትነግረው፣ ስልኩን ያነሳው ሰው በዚያ አድራሻ እንዲህ ያለች ታማሚ የለችም፣ በቅድሚያ ከክፍሉ ጋር ጨርሱ ብሎ በትሕትና ዘጋው። እኔ ግን እንደተማርኩት እቆጥራለሁ። ሐሙስ በደቂቃ ሃያ ሁለት ጊዜ ተነፈሰች። ቅዳሜ ሃያ ስድስት። ዛሬ ጠዋት ሃያ ዘጠኝ። ሐኪሙ ሠላሳ ከሞላ ሆስፒታል ለማድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ ብሎኝ ነበር።

አራተኛም ነበረኝ፤ ይቆይ። በእርሱ ፋንታ አንድ ነገር ልንገርዎ። አንድ ጠዋት ስም ስጠራ አንዲት ተማሪ ዝም አለችኝ፤ እኔም ቀና ሳልል ቀሪ ብዬ መዘገብኳት። ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ብድግ ብላ «እትዬ፣ አለች እኮ፤ አሟት ነው» አለችኝ። ቀና ብል ልጅቷ በትኩሳት ዴስኩ ላይ ተደፍታለች። መዝገቡን ሰርዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ማሽናችሁ ከእኔ የተሻለ ስም ጠሪ ነው፤ አይደክመውም፣ አይረሳም። የጎደለችው ከጎን የምትቀመጠው ልጅ ብቻ ናት።

ልጄ የት እንዳለች እጇን ከያዝኳት ከእኔ ይበልጥ ለሚያውቀው ክፍልዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለትጋታችሁ እጅ እነሣለሁ።

ጥሩነሽ ሀብተማርያም
ጡረተኛ መምህርት፣ የትንሣኤ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈርሜ ሳበቃ ስልኩ ጮኸ። ሻሹን ፈታሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና እምነቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ነፊሳም ከንፈሯን ቀይ ቀባቻት። ማሽናችሁ ወዲያው አወቃትና አመሰገነን፤ መዝገቡ ላይ ግን አሁንም ጠፍታለች ይላል። የታመመ ሰው ፊት የማያውቅ ማሽን የሕሙማን ጠባቂ ስላደረጋችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ከቀለሙ ሥር ከንፈሯ ጠቁሯል፤ እርሱን ማሽናችሁ አላየውም። ትንፋሿን ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ። ክቡር ሆይ፣ አለች እኮ፤ አሟት ነው። እባክዎ ሳይመሽ ይመልሱልኝ።