በባቄላ ወጣችን ስላሉት ነቀዞችና ስለ እኔ መባረር

ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ጽ/ቤት
ደብረ ብርሃን

ቀን፦ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም

ጉዳዩ፦ ባቄላችንን ራሳችን እንድንለቅምና እኔም ወደ መመገቢያ አዳራሽ እንድመለስ ስለመጠየቅ

አመልካች የ9ኛ ክፍል አዳሪ ተማሪ፣ ከመዘዞ የመጣሁ ልጅ ነኝ። በባዶ ሆድ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ ይታለፍልኝ።

1. ጾሙ ከገባ ጀምሮ የሚቀርብልን የባቄላ ወጥ ነቀዝ አለበት። ሲያኝኩት ቀጭ ይላል፤ አፍ ውስጥ የሚቀረው ምሬት በውሃም አይለቅም። ደግሞስ ነቀዝ ነፍስ ያለው ነገር አይደል? ጾማችንን ያስፈታን ማዕድ ቤቱ ነው፤ ንስሐውን ማን ይግባ?

2. ማክሰኞ ምሳ ላይ ከሳህኔ የለቀምኳቸውን ነቀዞች ጠረጴዛው ላይ አሰልፌ ስም ጠራሁ። «አቤት» ያለ የለም። «የቀሩት የት ናቸው?» ስል አዳራሹ በሙሉ «ሆዳችን ውስጥ!» አለ። አርሴማ የምትባል ከለሚ ከተማ የመጣች ልጅ ብቻ አልሳቀችም፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በብስኩት ነው ያለችው።

3. የአዳሪ ተቆጣጣሪው አቶ ወልደ ሰንበት «ይሄ ከኪስህ የወጣ ነቀዝ ነው! ወላጅ ሳታመጣ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ!» ብለው አባረሩኝ። ይኸው ጓደኞቼ ደብቀው በሚያወጡልኝ ደረቅ ዳቦ እኖራለሁ። ቀልደኛ መሆኔን አልክድም፤ ነቀዝ ግን ቀልድ አያውቅም። እናቴን ማምጣት አያቅተኝም። ነገር ግን ባቄላ አብቃይ ናት፤ ከመጣች መጀመሪያ የምታየው እኔን ሳይሆን የማዕድ ቤቱን የባቄላ ጆንያ ነው። ያላመጣኋት ለትምህርት ቤቱ ክብር ብዬ ነው።

4. ወጥ ሠሪያችንን እትዬ አመተ ማርያምን ብጠይቃቸው «ብቻዬን ስንቱን ልልቀም? ይሄን አክላችሁ እጅ የላችሁም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቤታችን ሳለን ባቄላ ሳይለቀም፣ ውሃ ላይ የተንሳፈፈው ሳይደፋ ድስት አይገባም ነበር። እዚህ ስንመጣ ሥራችን ሳህን ይዞ መሰለፍና ማማት ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በየመኝታ ክፍላችን ተራ ገብተን እንድንለቅም፣ የነቀዘ ጆንያ ሲመጣም አንበላም ብለን እንድንመልስ እንዲፈቀድልን፣ የእኔም እገዳ እንዲነሳ በትሕትና አመለክታለሁ። በአገራችን ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምሳል። እኛ የለቀምነው ባቄላ ሲሠራም የመጀመሪያው ጭልፋ ለእኔ ይቀዳ። ነቀዝ ከተገኘበት ስሙን አልጠራም፤ አቶ ወልደ ሰንበት ፊት እውጠዋለሁ። የጾሙም ዕዳ በእኔ ይሁን።

ከባዶ ሆድ ሰላምታ ጋር

ጌታሰው አለምነህ
(ፊርማ)