በቀትር ስለምትቆመው መኪናችንና ሌባ ስለተባለው ሹፌሯ

ለክቡር ሳይን ኢምዳድ ሱምሮ
የወረዳችን የመንግሥት መኪናዎች ጥገና ክፍል ኃላፊ
ሰሜን ሲንድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለልጆችዎ ረጅም ዕድሜ፣ ከወንበር ተነሥቶ ለማያውቀው ወገብዎም ብርታትን እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሀጅራን ኮሶ እባላለሁ፤ በሩዝ መንደሮቻችን እየዞርኩ የማዋልድ የጤና ሠራተኛ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ ደጅዎ ላይ ቆማ የከረመችው ሴትዮ ብል ግን ትዝ ሳልልዎ አልቀርም።

ነገሬ ወላዶችን ወደ ሆስፒታል ስለምታደርሰው ነጯ መኪናችን ነው። ማለዳ ላይ ያለ እንከን ትሄዳለች፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሞተሯ በድንገት ይጠፋል፤ ቆማ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሣለች። በዚህ ረገድ ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ መኪናዋን እርስዎ ራስዎ ስለመረመሩልን አመሰግናለሁ። ገና ጤዛው ሳይደርቅ አስጠርተው፣ ግቢውን አንዴ ዞረውባት፣ «ምንም ጉድለት የለባትም» ብለው ፈረሙ። እባክዎ በቀትር ይሞክሯት ብዬ ብለምንዎ፣ «እህቴ፣ ያበደችው መኪናሽ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ በዚህ ሐሩር ማን ይወጣል?» አሉኝ። እኔም ከእርስዎ ተምሬ፣ ወባ የያዘውን ሰው ትኩሳቱ በበረደለት ሰዓት ብቻ እያየሁ ጤነኛ ነህ ብዬ ልሰድደው አስቤ ነበር፤ ግን በሽተኞቼ ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ።

ሁለተኛ፣ ጤነኛ መኪና መንገድ ላይ ከቆመች ጥፋተኛው ሹፌሩ መሆን አለበት ብለው በመፍረድዎ ጥበብዎን አደንቃለሁ። ሹፌራችን ጉል ሐሰን ቤንዚን ቀድቶ እየሸጠ «ቆመችብኝ» ይላል ብለው ከሥራ አገዱት። ይህ ሰው ወላድ በተጫነች ቁጥር ጉድጓዱን ሁሉ በቃሉ እያወቀ እንቁላል የተሸከመ ያህል ሲነዳ የኖረ ነው። የሴት ልጁ አማቾች ወሬውን ሰምተው «ነገሩ እስኪጣራ እንቆይ» ብለው ሠርጉን አዘገዩት። ልጅቱ ከቤት መውጣት ትታለች። እርሱም ከመስጊድ ሲመለስ ሰው ሰላም እንዳይለው በጓሮ ይዞራል።

ሦስተኛ፣ በእርሱ ቦታ ከቤተ ዘመድዎ መርጠው ሹፌር ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሰኔ ወር ናሲባን የምትባል ሴት ምጥ ጸንቶባት ወደ ሆስፒታል ስንወስዳት፣ መኪናዋ ዛፍ በሌለበት በቦዩ ዳር መንገድ ላይ ቆመች። ምን እናድርግ ብዬ ብጠይቀው ወጣቱ ዘመድዎ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሳይን ኢምዳድ ጤነኛ ናት ብለዋል» ብሎ ከመኪናዋ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አብራን የነበረችው አማቷ ሻርፏን ቦዩ ውስጥ እየነከረች መስኮቱን ስትጋርድልኝ ናሲባን ከኋላ ወንበር ላይ ወለደች። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጀርባዋን አሸሁ፣ በአፌ እፍ አልኩባት፤ ዝም እንዳለች ቆይታ እንደ ድመት ግልገል ድምፅ አሰማች። ከዚያ የእናቲቱ ደም አልቆም አለ፤ የሩዝ ጭነት መኪና አልፎ እስኪወስደን ድረስ ማህፀኗን በእጄ ተጭኜ ቆየሁ። በአላህ ቸርነት ሁለቱም በሕይወት አሉ። በእርስዎ ፊርማ ግን አይደለም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቁጥር አያሻውም።

በማግስቱ ደጅዎን ትቼ በሥርዎ ወደምትሠራው ኢንጂነር ራሒላ ሄድኩ። «ስትጠፋ ካላየኋት ምን ብዬ እመረምራለሁ? በቀትር አምጪልኝ» አለችኝ። ግቢዎ መካከል አቁመን ሞተሯን ሳናጠፋ ጠበቅን፤ እንደ ልማዷ ቀጥ አለች። ኢንጂነሯ መጀመሪያ ቤንዚኑ ቧንቧው ውስጥ በሙቀት እየፈላ መስሏት እርጥብ ጨርቅ ጠመጠመችበት፤ መኪናዋ አልነሣ አለች። ቧንቧውን ስትፈታው ቤንዚኑ ያለ እንከን ወረደ፤ ጥፋቱ የቤንዚኑ አልነበረም። «ተሳስቻለሁ» አለች፤ ይህ ቃል በእርስዎ ግቢ ሲነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጥላ ካንዴላውን አውጥታ ቁልፉን አዙሪ አለችኝ፤ ብልጭታ የለም። ጨርቁን አንሥታ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ በሚሰጠው ቦቢና ላይ አደረገችው፤ ትንሽ ቆይታ ብታስነሣት ተነሣች። ጨርቁ ሲደርቅ ጠፋች፤ ሲርስ ተነሣች። የግቢው ሰው ይበላ የነበረውን ሐብሐብ ጥሎ ከበበን። እርስዎም የቢሮዎን መጋረጃ ገለጥ አድርገው አይተው፣ «ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው» ብለው ስለላኩብን አመሰግናለሁ።

ቦቢናው ተቀየረ። መኪናችን በዚያው ሐሩር እስከ ዛሬ አልቆመችም። በሪፖርትዎ ላይ «በኃላፊው የቅርብ ክትትል ጉድለቱ ተገኘ» ብለው መጻፍዎን ሰማሁ፤ መጋረጃዎ ለመኪናዋ ቅርብ ስለነበረ አልክድዎትም። ጉል ሐሰን ይመለስ ስልዎ ግን፣ «መኪናዋ ሌላ፣ ሌብነቱ ሌላ» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ሌባ ያሰኘው መኪናዋ መቆሟ ብቻ አልነበረምን? በአደባባይ የወሰዱበትን ስም በአደባባይ እንዲመልሱለት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለፊርማዎ ጥቂት ዕረፍትን እየተመኘሁ፣
ያለ እርስዎ እርዳታ ያዋለደችው ታዛዥዎ
ሀጅራን ኮሶ

ተጨማሪ፦ የናሲባን ባልና የመንደሯ ሽማግሌዎች ሐሙስ ዕለት ጉል ሐሰንን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ለክቡርነትዎ አዝኜ ማለዳ ይሻላል ብያቸው ነበር፤ እነርሱ ቀትርን መረጡ። ቢሮ አንገባም ብለዋል። እርስዎ ወጥተው «ሌባ አይደለም» እስኪሉ ድረስ ግቢው መካከል ይቀመጣሉ፤ በፀሐይ መዋል የለመዱ ሩዝ ተካዮች ስለሆኑም ለመሄድ የሚቸኩሉ አይመስለኝም።