መቶ ሃያ በሰማንያ ሆና ስለሞተችው እናቴ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ የደም ግፊትዎ በሚሠራ መሣሪያ እንዲለካም ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በዚህ ወር በስታቲስቲክስ የተመረቅሁ ሥራ ፈላጊ ነኝ። የምጽፈው ለማመስገን ነው።

፩. እናቴ በመጣችባቸው አምስት ቀጠሮዎች ሁሉ ግፊቷ መቶ ሃያ በሰማንያ ተብሎ ስለተጻፈላት አመሰግናለሁ። ትምህርት ላይ ሳለሁ ደውላ «እንደ ኮረዳ ነው ግፊትሽ ተብያለሁ፤ እንግዲህ ሰው ሲጠይቅህ እህቴ ናት በል» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። የታዘዘላትን የግፊት መድኃኒትም ለደህና ሰው ምን ያደርጋል ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔ የተማርኩት ልጇም «ጎሽ እማዬ» አልኳት።

፪. ልመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ለምረቃዬ የምትለብሰውን ቀሚስ ስትተኩስ ወደቀች። ሆስፒታል ሲለኳት ሁለት መቶ ሠላሳ ነበር። አልተነሣችም።

፫. ባለፈው ሰኞ ካርዷን ላዘጋ መጥቼ ተራ ከሚጠብቁት ታካሚዎች ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሙያዬ ቁጥር ነውና ካርዳቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ልብስ ሰፊው መቶ ሃያ በሰማንያ። ጡረተኛው ዘበኛ መቶ ሃያ በሰማንያ። የስምንት ወር እርጉዟም እንዲሁ። እንዲህ ያለ እኩልነት በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ነርሷን ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ወንድሜ፣ የመለኪያው ጎማ ከተቀደደ ግማሽ ዓመት አለፈው፤ ሦስቴ ጽፈን ጠይቀናል። ባዶ መስመር ያለበትን ሪፖርት ደግሞ ኃላፊው አይቀበሉም» አለችኝ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

፬. ይህኛው ምስጋና ሳይሆን ልመና ነው። የካርድ ክፍሉን ይክፈቱልኝ። ያለ ደመወዝ፣ በእነዚያ ወራት የተሞሉትን ካርዶች አንድ በአንድ ለይቼ፣ ሰዎቹን ቤት ለቤት እየዞርኩ ሆስፒታል ሄደው እንዲለኩ እነግራቸዋለሁ። ልብስ ሰፊው መድኃኒቱን ትቷል፤ ትናንት ሳገኘው «እኔማ ድኛለሁ» አለኝ። እባክዎ፣ ለእሱ እንኳ እንድረስለት።

ባዶ መስመር እንደማይወዱ ስለማውቅ፣ በፊርማዬ ቦታ ደስ ያለዎትን ስም እንዲሞሉበት በታላቅ አክብሮት ትቼልዎታለሁ፤

የመቶ ሃያ በሰማንያዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ የእናቴ ስድስተኛ ቀጠሮ የዋለው በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነበር። ካርዷ ላይ የዚያ ቀን መስመር በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መቶ ሃያ በሰማንያ ተብሎ ተሞልቷል። ለሚቀጥለው ወርም ቀጠሮ ይዛችሁላታል፤ የት ሄጄ እንደምነግራት ግን አላውቅም።